አልቅምም ያልኩ ቀን

ይህን ስጽፍም በመሃል ቆም እያልኩ ሦስት ጣቴን አጣብቄ፣ ላይኛውና ታችኛው የፊት ጥርሴ መካከል አስገባለሁ። ሰው ፊት አላደርገውም። ብቻዬን ስሆን ግን በቀን ሦስት አራቴ እለካለሁ። ሦስቱም ከገቡ እፎይ እላለሁ። አምና ሐምሌ ላይ ቢበዛ አንድ ጣት ተኩል ነበር የሚገባልኝ።

የመንጋጋዬን ነገር ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። ስለ መርፌው፣ ስለ ማደንዘዣው፣ ከጆሮዬ ፊት ስለወጣው ውኃ። አንድ ያላወራሁት ነገር አለ። ሐረር አንድ የሐኪም ክፍል ውስጥ፣ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ከአፌ የወጣች አንዲት ቃል። «አልቅምም።» ዓመት ሊሞላት ነው፤ ዛሬም ማታ ማታ ትመጣብኛለች።

ሰኔ እና ማስቲካ

የምሠራው ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ የንግድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ሰኔ ለሒሳብ ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደረሰኝ ይለቀማል፣ ዕቃ ይቆጠራል፣ የባንኩ ሒሳብ ከእኛው ጋር አልገጥም ይላል። ሙቀቱ ደግሞ አለ። ቬንትሌተሩ ትኩስ አየር ከግድግዳ ግድግዳ ያመላልሳል። ከአምስት ዓመት በፊት በእንዲህ ያለ ሰኔ ነው አንዷ ባልደረባዬ «አቦ ይቺን ያዢ፣ እንቅልፍሽን ታባርርልሻለች» ብላ ሁለት እንጨት ጫት የሰጠችኝ።

ሁለት እንጨት ነበረች። ከሰኔ ወደ ሐምሌ አለፈች። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ሆነች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጀምራለሁ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አበቃለሁ። ሁልጊዜ የምይዘው በግራ ጉንጬ ነበር። በቀኝ በኩል የተሰበረች ጥርስ ስላለችኝ ቅጠሉ ይወጋኛል።

እናቴ አታውቅም። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። የደሞዙ ግማሽ ቤት ሳይደርስ ጫት ተራ ይቀር እንደነበር እኔም አስታውሳለሁ። እሱ ካረፈ ጀምሮ ቤታችን ጫት ገብቶ አያውቅም። እንግዳ ይዞ ቢመጣ እንኳ እናቴ በትሕትና ተቀብላ በረንዳ ላይ ታስቀምጥለታለች፤ እሷም በእጇ አትነካውም፣ «እዚያች ላይ አኑራት ልጄ» ትላለች እንጂ። ስለዚህ እኔ ከቢሮ ስወጣ አፌን እጉመጠመጣለሁ። ቀጥሎ ማስቲካ። ቤት እስክደርስ ማስቲካ፣ ከደረስኩም በኋላ እስክተኛ ድረስ ማስቲካ። ሽታውን ለመሸፈን። አሁን ሳስበው መንጋጋዬ በቀን የሚያርፍበት ሰዓት አልነበረም። ሌሊትም አያርፍም። አብራኝ የምትተኛው የእህቴ ልጅ ናት የነገረችኝ። «አክስትዬ፣ ማታ ማታ ጠጠር የምትቆረጥሚ ትመስያለሽ» አለችኝ።

መጀመሪያ ያመመኝ ጆሮዬ ነበር። ወይም ጆሮዬ መስሎኝ ነበር። ጠብታ ታዘዘልኝ፤ ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ ጥርስ ነው ተባልኩ። ስሙን በማልጠራው አንድ ክሊኒክ፣ ሚያዝያ ላይ፣ የግራ የመጨረሻዋ የመንጋጋ ጥርሴ ተነቀለች። አርባ ደቂቃ ያህል አፌን በርግጄ ተቀመጥኩ። ጥርሷን በጎዝ ጠቅልለው ሲሰጡኝ ገልጬ አየኋት። ቀዳዳ የላትም። ነጭ፣ ድፍን፣ ጤነኛ ጥርስ። እናቴ በትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አስቀመጠቻት። ሕመሙ ግን ከጥርሷ ጋር አልወጣም።

ከዚያ አንድ ድምፅ ጀመረኝ። ስጎርስ «ቀጭ»፣ ስውጥ «ቀጭ»። ከጆሮዬ ፊት፣ ልክ ጣት ቢያርፍበት የሚንቀሳቀሰው ቦታ ላይ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ይሰማዋል። ሐምሌ እስኪገባ እንዲህ ቆየ። አንድ እሑድ ጠዋት እናቴ ቡና አፍልታ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። አፌን ከፈትኩ። መሃል ላይ ቆመ። አገጬ ወደ ግራ ተጣመመ። ገፋሁት፣ እንቢ አለኝ። ከውስጥ የተቀረቀረ በር ስትገፉት እንደሚሰማችሁ ነው።

«ቀጭ» አላለም። ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ድምፁ ጠፋልኝ ብዬ።

አፉን መክፈት የሚፈራው ልጅ

የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሐረር እንዳለ ሰው ነገረን። ብቻዬን ልሂድ አልኩ። እናቴ እሺ አላለችም። ብልቃጧን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ከእኔ ቀድማ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።

ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን አንድ ባጃጅ ነጂ ልጅ ተቀምጧል። አገጩን በሻሽ ከሥር አንስቶ አናቱ ላይ አስሮታል። ሲያዛጋ መንጋጋው ይወልቃል አሉን፤ አብራው የመጣች እህቱ ናት ያወራችው። በዚያ ወር ሦስተኛው ነው። እሱ አፉን መክፈት ይፈራል፤ እኔ አልችልም። ሁለታችንም መርፌ ፍለጋ ነበር የመጣነው።

ኋላ ላይ ዶክተሩ ነገሩን ሲያስረዳኝ በጣም የገረመኝ ይህ ነው። ለዚያ ልጅ የሚወጋው የራሱ ደም ነው። ከክንዱ ጥቂት ሚሊሊትር ይቀዳና ወዲያው መገጣጠሚያው ውስጥና ዙሪያውን ይገባል። ደሙ እዚያ ይረጋል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ የላላውን ያጠብቃል። ለዚህ ሲባል ልጁ አገጩን አስሮ ይሰነብታል። የግሉኮስ መፍትሔ እየወጉ ጅማቱን የሚያጠብቁም አሉ፤ ለሚወልቅ መንጋጋ የሚያጠብቅ መድኃኒት መውጋት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የተጻፈበት ነገር ነው። ለእኔ ደግሞ በዚያችው ቦታ የሚገባው መርፌ የተቆለፈውን ለመክፈት ነው። ቦታው አንድ፣ መርፌው አንድ፣ ሥራው ተቃራኒ። «መርፌ ወግተውኝ ዳንኩ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛውን መርፌ እንደሆነ ነው።

ብልቃጧ

ዶክተሩ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ገና ሳይጠይቀን እናቴ ብልቃጧን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «እየው ልጄ፣ ጤነኛ ጥርሷን ነቀሉባት። ምንም ያላጠፋች ልጅ» አለችው። እሱም ብልቃጧን አንስቶ ወደ ብርሃን አዙሮ አያት። ምንም አላለም።

በማስመሪያ ለካኝ። 22 ሚሊሜትር። ጤነኛ ሰው ከ40 በላይ ይከፍታል። ከዚያ የቀኝ እጁን ጨበጠና ግራ መዳፉ ላይ አስቀመጠው፤ በመካከሉ የታጠፈ ጎዝ አደረገ። ጭብጡ የታችኛው መንጋጋ ራስ ነው። መዳፉ ከራስ ቅል ላይ ያለው ጉድጓድ። ጎዟ ዲስክ የምትባለዋ ትራስ። አፍ ሲከፈት ጭብጡ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ትራሷም አብራው ትሄዳለች። የእኔዋ ወደ ፊት አፈትልካለች። እስከ ሰኔ ድረስ አፌን ስከፍት ተመልሳ ቦታዋ ትገባ ነበር፤ ቀጭታው እሱ ነው። አሁን መመለስ አቆመች። በር ላይ እንደወደቀ ምንጣፍ ተጨራምታ መንገዱን ዘጋች። ደስ ያለኝ ዝምታ ይህ ነበር።

እኔ ግን የመጣሁት ቆርጬ ነው። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ቦቶክስ ተወግታ ጥርስ ማፋጨቷ ቀርቶላታል። ቪዲዮዎችም አይቻለሁ። ገንዘብ አጠራቅሜ ነበር። ስለዚህ «ቦቶክስ ብወጋስ?» አልኩት።

አላናናቀኝም። ቦቶክስ ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን መልእክት ይቆርጣል፣ ጡንቻው ለሦስት አራት ወር ይዝላል፣ ከዚያ ይመለሳል አለኝ። ሰው ሽብሽብ ማጥፊያ አድርጎ ቢያውቀውም አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 መጀመሪያ የተፈቀደው ለተንሸዋረረ ዓይንና ያለፈቃድ ለሚጨፈን የዓይን ሽፋን ነው። በቅንድቦች መካከል ላለው ሽብሽብ የደረሰው በ2002፣ ሥር ለሰደደ ማይግሬን በ2010። ለመንጋጋ ሕመም ተብሎ ግን እዚያ አልተፈቀደም፤ ሐኪሞች በራሳቸው ውሳኔ ነው የሚወጉት። የሚያኝክ ጡንቻ ደጋግሞ ከዛለ ይሳሳል፣ ከሥሩ ያለው አጥንትም ሊሳሳ ይችላል የሚል ስጋት አለ። «ችግሩ ጡንቻው ብቻ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ያንቺ ትራስ ናት የተቀረቀረችው። ጡንቻውን ባዝለው ትራሷ ቦታዋ አትገባም። ግን ጡንቻሽም ከልክ በላይ እየሠራ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ» አለኝ።

እስክሪብቶውን አነሳ። «ጫት ትቅሚያለሽ?»

«አልቅምም።»

እንዴት እንደፈጠነች። 22 ሚሊሜትር የሚከፈት አፍ ለዚያች ቃል ሰፊ ነበር። እናቴን አላየኋትም። የነጠላዋ ጥለት ብቻ በዓይኔ ጥግ ይታየኛል። ዶክተሩ ጻፈ። የእስክሪብቶውን ድምፅ ሰማሁት፤ አጭር ነበር። አንድ ውሸት ወረቀት ላይ ሰፈረ፣ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ላይ። ቀኑን ሙሉ ሰነድ ሳመሳክር የምውል ሰው ነኝ። አንድ የተሳሳተ ቁጥር መዝገብ ላይ ከገባ ከሥሩ ያለው ድምር ሁሉ እንደሚበላሽ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጓንት አጠለቀ። ሁለቱን ጉንጮቼን በሁለት እጁ ይዞ «ጥርስሽን ንከሺ» አለኝ። ነከስኩ። ግራው እንደ ድንጋይ ተወጠረ። ቀጥሎ በመስተዋት ግራ ጉንጬን ከውስጥ ለጠጥ አድርጎ መብራቱን አስጠጋ። ቆየ። ምን እንዳየ አውቃለሁ፤ እኔም ቤት በመስተዋት አይቼዋለሁ። የተሸበሸበ ነጭ ቦታ ነው፣ ቅጠሉ የሚያርፍበት። መስተዋቱን አወጣና ዓይኔን አየኝ። ወደ እናቴ አላየም። ከዚያ በጣም በዝግታ «እማማ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ውጭ ቢጠብቁን ቅር ይልዎታል?» አላት።

እናቴ «ምን ቅር ይለኛል» አለችና ተነሣች።

ስንት ጊዜ ወደዚያች ደቂቃ እንደተመለስኩ። ሐኪሙ በር ከፍቶልኝ ነበር። እሷ ትወጣለች፣ እኔ ለእሱ እነግረዋለሁ፣ ትክክለኛውን ሕክምና አገኛለሁ፣ እሷ ምንጊዜም አታውቅም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ ለሐኪሙ ብናገር ተረቱም አይከሰኝም። ማንም አይጎዳም። እንዲያ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ያደረገ ሰው ቢኖርም አልፈርድበትም።

ግን እናቴ ስትነሣ ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን ብልቃጥ አነሳች። በሁለት እጇ። ክዳኗን በአውራ ጣቷ ጠበቅ አደረገችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ልትቋጥራት ጀመረች። ምንም ያላጠፋች ልጇን ጥርስ።

«ቁጭ በይ እማዬ» አልኳት። «እቅማለሁ። አራት ዓመቴ ነው።»

ቋጠሮው ግማሽ ላይ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ የውጭው ባጃጅ ድምፅ ብቻ። ዶክተሩ ወረቀቱን እያየ ነው። እናቴ ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ሐኪሙ ሊጠይቀኝ የነበረውን እሷ ጠየቀችኝ።

«በቀን ስንት ሰዓት?»

«አምስት።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

ሦስት ሳምንት

ዶክተሩ የቀድሞውን መልስ በአንድ መስመር ሰርዞ ሌላ ጻፈ። «እንግዲያው ዛሬ መርፌ የለም» አለኝ። አምስት ሰዓት በአንድ ጎን የሚሠራ መንጋጋ ላይ ምን ብንወጋ ይባክናል። መጀመሪያ እናሳርፈው። ጫትም ማስቲካም ይቁም። ለስላሳ ምግብ። ቀን ሁለት ጊዜ ሞቅ ያለ ፎጣ። የሕመምና የብግነት ክኒን ለጥቂት ቀናት። ጣት እያስገቡ ቀስ ብሎ አፍ መክፈት፣ እስከሚያምበት ጠርዝ ድረስ፣ ከዚያ አለማለፍ። አንድ ነገር ደግሞ በቃል አስጠናኝ፤ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ይለያይ። ላይኛውና ታችኛው ጥርስ መነካካት ያለባቸው ስንበላና ስንውጥ ብቻ ነው። ይህን በ36 ዓመቴ ነው የሰማሁት። ቢሮ ተቀምጬ ራሴን ሳየው፣ ቁጥር ስደምር ጥርሴን ነክሻለሁ። ስልክ ስጠብቅ ነክሻለሁ። መብራት ላይ ቆሜ ነክሻለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ሁሉም ያስጠላኛል። ሌሊት ዱካክ። ድሬ ያደገ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል፤ እኔ ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሰው ወሬ ነበር የሚመስለኝ። ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር። ልነሣ እላለሁ፣ አልችልም። እየጮህኩ ስባንን እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ። አትናገርም። ፎጣውን በፍል ውኃ ነክራ፣ ጨምቃ፣ መንጋጋዬ ላይ ታደርግልኛለች። ስለ ጫት ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣትም። አጥሚት አፍልታ በኩባያ ታቀርባለች፣ ሽሮ በእንጀራ ፈትፍታ በማንኪያ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤታችን ያሉት አዴ ናቸው የፈተኑኝ። ጥርስ የላቸውም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ከግቢያቸው የሚሰማው የትንሿ ሙቀጫ ድምፅ ነው፤ ጫታቸውን ይወቅጡና በማንኪያ ጫፍ ይወስዳሉ። ነገሩን ሰምተው አዘኑልኝ። አንድ ቀን እናቴ ገበያ ሄዳ በአጥር ላይ ጠሩኝ። «አንቺ ልጅ፣ መንጋጋሽ እንጂ ሌላሽ አልታመመ። እኔ ልውቀጥልሽ። ካላኘክሽው ምን ይሆናል?» አሉኝ። ከልባቸው ነው። ሙቀጫዋ ውስጥ አየሁ። አረንጓዴ፣ እርጥብ፣ ጠርዟ ላይ ከዓመታት ብዛት የጠቆረች። ሽታው አፌን በምራቅ ሞላው።

ለጥቂት ደቂቃ እውነት ናቸው ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ለመንጋጋው ብቻ ከሆነ መንገዱ ትክክል ነው። እንዳልወስድ ያደረገኝ ሌሊቱ ነው። ያን ሰሞን የእህቴ ልጅ «አክስትዬ፣ ጠጠሩን ተውሽው እንዴ?» ብላኝ ነበር። ቅጠሉ ካቆመ ወዲህ ሌሊት የማፋጨው ቀንሶ ነበር። ለካ መንጋጋዬን የሚያደክመው ማኘኩ ብቻ አልነበረም። ምርቃናው ራሱ ጥርሴን አስነክሶ ያሳድረኛል። እሱ ደግሞ ተወቅጦም ያው ነው። የአዴን እጅ ስሜ ወደ ቤት ገባሁ።

ሁለት መርፌ

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ 28 ሚሊሜትር ደረስኩ። ሕመሙ በግማሽ ወርዷል፣ መቆለፉ ግን አለ። ፍልሰታ በገባ በስድስተኛው ቀን ከእናቴ ጋር እንደገና ሐረር ወጣን።

የሚደረግልኝ አርትሮሴንተሲስ ይባላል። ባጭሩ መገጣጠሚያውን ማጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እስራኤላዊቷ ሐኪም ዶሪት ኒትዛን ከባልደረቦቿ ጋር የጻፈችው ዘዴ ነው። ከዚያ በፊት ለተቆለፈ መንጋጋ በካሜራ እየገቡ ትራሷን ሊያስተካክሉ ይሞክሩ ነበር። ትራሷ ቦታዋ ሳትመለስም አፉ ይከፈት ጀመር። የከፈተው ለማየት ሲሉ የሚያፈሱት ውኃ መሆኑ ታወቀ። ታዲያ ካሜራው ለምን፣ መርፌ ይበቃል ተባለ።

በእስክሪብቶ ከጆሮዬ እስከ ዓይኔ ጥግ መስመር ተሠመረ። አንዷ ነጥብ ከጆሮ ጫፍ 10 ሚሊሜትር ወደ ፊት፣ ከመስመሩ 2 ሚሊሜትር ዝቅ ብላ። ሌላዋ ከእሷ ፊት። ማደንዘዣው አቃጠለኝ፣ ከዚያ ግራ ፊቴ የእኔ መሆኑ ቀረ። የመጀመሪያው መርፌ ሲገባ ሕመም የለም፤ ግፊት ነው። ክፍተቷ የምትይዘው 1.2 ሚሊሊትር ያህል ብቻ ነው፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ። እዚያ ውስጥ ውኃ ሲገባ ጆሮዬ አጠገብ ሰማሁት፤ አሸዋ ላይ እንደሚሮጥ የደቻቱ ጎርፍ የመጀመሪያ ጭረት። ሁለተኛው መርፌ ገባ። በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ነርሷ ባለ 20 ሚሊሊትር ስሪንጅ ታቀብላለች፣ ታቀብላለች። አምስት ቆጠርኩ። አንገቴ ሥር የተነጠፈው ፎጣ ቀዝቅዞ ረጠበ።

ከዚያ መርፌዎቹ ሳይወጡ አውራ ጣቱን የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ላይ አድርጎ ወደ ታች ጫን፣ ወደ ፊት ሳብ አደረገው። አንድ ነገር ለቀቀ። ድምፅ አልነበረውም። አፌ ተከፈተ። ማስመሪያው 37 አለ። አለቀስኩ፤ አንድ ዓይኔ ብቻ ሲጨፈን ሁለተኛው ፍጥጥ ብሎ ቀረ። ማደንዘዣው የዓይን ሽፋን የሚዘጋውን ነርቭ ነክቶ ነው፣ በጥቂት ሰዓት ይመለሳል አለኝ።

በመጨረሻ ሌላ ነገር ለምን እንዳልጨመረ ጠየቅኩት፤ ሰው የሚያወራላቸውን ሁሉ። ስቴሮይድ ብግነት ያበርዳል፣ ሲደጋገም ግን ለስላሳውን አጥንት ይጎዳል፤ ያለ ምክንያት አልነካውም አለ። ሃያሉሮኒክ አሲድን ሊያስገባ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ከበሬ ዓይን ውስጥ የተገኘ፣ በገዛ መገጣጠሚያችን ፈሳሽ ውስጥም ያለ ማለስለሻ ነው። «ለአንዳንዱ ሕመም ይቀንሳል። ላንቺ አሁን ዋናው ከነገ ጀምሮ የምትሠሪው ስፖርት ነው። ቦታው ለጥቂት ሳምንት ተከፍቶልሻል። ካልሠራሽበት ተመልሶ ይዘጋል።»

የቱ ነው ያዳነኝ?

ዛሬ 41 ሚሊሜትር ላይ ነኝ። ኋላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዙ የሐኪሞች መጽሔት ቢኤምጄ የወጣ መመሪያ አነበብኩ። ሥር ለሰደደ የመንጋጋ ሕመም በጠንካራው የሚመክረው የመንጋጋ እንቅስቃሴ፣ የእጅ ሕክምና፣ ጭንቀትንና ልማድን በንግግር ማከም ነው። ቦቶክስን፣ ሃያሉሮኒክን፣ ስቴሮይዱን፣ ማጠቡንም ሳይቀር ለሕመም ብሎ ባይደረግ ይሻላል ይላል፤ በለዘብተኛ ቃል ቢሆንም። መጀመሪያ ሳነበው ደነገጥኩ። ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው የዳንኩት?

ደጋግሜ ሳስበው መመሪያው የሚያወራው ወራት ስለቆየ ሕመም ነው። የእኔ አዲስ መቆለፍ ነበር፤ ዶክተሩም የወጋኝ ሊያስታግሰኝ ሳይሆን ሊከፍተኝ ነው። ቢሆንም ከ22 እስከ 28 የመጣሁት ያለ መርፌ ነው። ከ28 እስከ 37 በመርፌ። ከ37 እስከ 41 እንደገና ያለ መርፌ፣ በመስተዋት ፊት በጣቴ። ይህን ሒሳብ ስንት ጊዜ ደምሬዋለሁ። አንዱን ቁጥር ባወጣው ሌሎቹ አይቆሙም። መጀመሪያ የተጻፈው «አልቅምም» ሳይሰረዝ ቢቀር ደግሞ ያ ደግ ሰው ባለው መረጃ ልክ፣ በንጹሕ ልቡ፣ የጠየቅኩትን ቦቶክስ ሊወጋኝ ይችል ነበር። እኔም ለሦስት ወር በዛለ ጡንቻ፣ በተቀረቀረች ትራስ ላይ፣ በአምስት ሰዓት ቅጠል እቀጥል ነበር።

አወዳይ

መርፌ በተወጋሁበት ቀን ወደ ድሬ ስንመለስ ቀትር ሆኖ ነበር። ግራ ዓይኔ አልጨፈን እንዳለ ነው። ዶክተሩ እናቴን «ከአቧራ ይጠብቁላት» ብሏት ስለነበር ሚኒባሱ ውስጥ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኔ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ጠዋት ስንሄድም ዝም ብላ ነበር፤ አሁንም ዝም።

አወዳይ ስንደርስ መኪናው ዝግ አለ። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መስኮት ሁሉ ላይ እጅ፣ እጅ ሁሉ ላይ ጫት። ኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ገዛ። በመስኮት የተቀበለው ረዳቱ ነበር፤ እጁ ስለሞላ ጎንበስ ብሎ «እህቴ ይቺን ድሬ ድረስ ያዢልኝ» አለና ጭኔ ላይ አኖረው። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ውኃ የተረጨ። ቅዝቃዜው በቀሚሴ አልፎ ተሰማኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጭኔ ላይ። አልገፋሁትም፣ አልያዝኩትም። እጆቼን አንስቼ ቀረሁ።

እናቴ ነጠላውን ከዓይኔ ሳታነሳ በሌላው እጇ ጥቅሉን ከጭኔ አነሳችው። የእሷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። አባቴ ካረፈ ጀምሮ ነክታው አታውቅም። እንዳይንሸራተትም፣ እንዳይጨመቅም፣ የሰው ዕቃ ነውና፣ መዳፏን ዘርግታ ያዘችው። ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምርና የድሬ ሙቀት ከታች ሲመጣ አንዱ እጇ ዓይኔ ላይ ነበር፣ አንዱ ቅጠሉ ላይ።